የእትዬ አመለወርቅ ልቃቂት

ሁለቱ ሸማኔ ወንድማማቾች፣ ገብረየስና ይርዳው፣ ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው። አንዱ ካንዱ አይሻልም፤ ሁለቱም እምቢ ባይ! አሁን ግን የይርዳው ልጅ የትርሲት ሰርግ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ቀሚሷ ገና ያለ ጥለት ተሰቅሏል። የአባታቸው ጥለት ቅደም ተከተል በአራት ቀለም የተያዘበት ረጅም ድርብ ክር ያለው ገብረየስ እጅ ነው። ያለዚያ ክር ይርዳው መወርወሪያውን አያነሣም።

ገብረየስ በሚስቱ እጅ ቢልከው ከደጅ ተመለሰ። የይርዳው በር ላይ ቅባት የጠጣ ድርብ የቆዳ መጋረጃ አለ፤ የወንድሙ ነገር ሲደርስ ግጥም ይላል።

"ለኔ ስጡኝ!" አሉ ጎረቤታቸው እትዬ አመለወርቅ። እሳቸውን የሚገፋ ደጅ የታለና! ያን ሁሉ ክር ጠቅልለው ጠቅልለው የጡጫ ያህል ልቃቂት አደረጉት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጥብቅ አድርገው ቋጥረው ሄዱ።

"ውይ እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ!" አለ ይርዳው።

መጋረጃው ራሱ ስቦ ያስገባቸው ይመስል ነበር። ተጫወቱ፣ ሳቁ። ይርዳው አይቶ እንዳይወረውርባቸው ፈርተው ግን ቋጠሮውን ጨምድደው እንደያዙ ተነሡ። ትዝ ያላቸው ቤታቸው ሲደርሱ ነው።

"አይ እኔ! ይዤው ገብቼ ይዤው ወጣሁ!"

በማግስቱ ቋጠሮውን ላላ አደረጉት፤ መንገድ ላይ እንዳይበተን ያህል ብቻ። ቤቱ ሞቆ ጨዋታው ሲደራ ነጠላቸውን ገለጥ ቢያደርጉ፣ ክሩ ዝርግፍ! ይርዳው የአባቱን ቀለሞች አየ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። ከዚያ ተነሥቶ መወርወሪያውን አነሣ። እልል በሉ! ጥለቱ መውጣት ጀመረ።

ትርሲት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ማታ እትዬን አቅፋ፣ ስለ መጀመሪያው ቀን ሲነግሯት በሳቅ ስትፈርስ ቆይታ ድንገት ብድግ አለች።

"እትዬ! እኛም እኮ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር የታመመ ሴል ውስጥ ልናስገባ ስድስት ወር ለፋን። ክሩም የሴሉም የቅባት ደጅ በኤሌክትሪክ ኔጋቲቭ ናቸው፤ ይገፋፋሉ። ፖሊመር በሚባል ፖዘቲቭ መጠቅለያ ጠቅልለን አስገባነው፤ ሥራ ግን አልጀምር አለ!"

"እናንተም ቤት ኩርፊያ አለ በይኛ?"

"ኩርፊያውስ በርዶልን ነበር፤" አለች ትርሲት ወደ ላብራቶሪዋ ልትሮጥ ጫማዋን እያጠለቀች፣ "አስታራቂያችን ፖሊመሩ ነው እጁን አልለቅ ያለው!"