አልማዝ ባለጭራ በፎቶ

ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ ቆዳዎን በስልክ ታክመው ያውቃሉ? ካላወቁ ሮም አልኖሩም ማለት ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት አሉን። የታካሚ ቆዳ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ፎቶ ይላክላቸዋል፤ እሳቸው መልሱን በድምፅ ይልካሉ። እንዲህ ያለ ሐኪም የት ይገኛል?

ባለፈው አንገቴን አሳከከኝ። ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ልጅ ካየችው «ይተላለፋል» ብላ ከሥራ እንዳታስወጣኝ ፈራሁና ፎቶ ላክሁላቸው። መልሱ ወዲያው መጣ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ልጄ፣ ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው። አልማዙንም አየሁት፣ ጭራውንም አየሁት። ፌጦ በሎሚ ለውሰሽ ቀቢው።»

ቀባሁት። አንገቴ ነደደ።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶዬን አሳዩኝ። እውነትም ጭራ አለው። ፎቶውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን አንገቴ ሄደ፣ ጭራው ቀረ። ቀጥሎ በመጣው ሰውዬ ክንድ ላይ ያው ጭራ፤ ከሱ በኋላ በመጣችው ሕፃን ጉንጭ ላይም ያው ጭራ። ለካ የታመመው የስልካቸው ስክሪን ነው፤ መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ ጭራ አውጥቷል።

«እትዬ፣ ስልክዎ እኮ ነው የተሰነጠቀው» አልኳቸው።

ስልካቸውን ትንሽ አገላብጠው አዩና «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ።

በማግስቱ ስክሪኑን አስቀየሩ። ከሰዓት በኋላ ለታካሚዎቻቸው ሁሉ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰን።

«ልጆቼ፣ ዛሬ ሁላችሁንም እንደገና አየኋችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችሁም ድናችኋል።»

ምስጋናው እንደ ጉድ ጎረፈ። እኔም አንገቴን በአንድ እጄ እያከክሁ፣ በሌላው «አሜን» ብዬ ጻፍሁ።