የአስካለ ኞኪ

ወንድ ምግብ ሲሠራ ምስክር ይፈልጋል። ሴቶቹ በቀን ሦስት ጊዜ ማድ ቤት ገብተው ሲወጡ ማንም ልብ አይልም። እኛ ግን አንድ እንቁላል ጠብሰን ሰፈሩ ካልሰማ እንቁላሉ የበሰለም አይመስለን። መጥበሻው የት እንዳለ ጠይቀን፣ ጨው አቀብሉን ብለን፣ ዘይቱን ሰው አስከፍተን ስናበቃ እጃችንን ታጥበን ቁጭ እንልና «ቀላል ነገር እኮ ነው» እንላለን። ይህን የምለው ወንድሞቼን ለማማት አይደለም። ስለ ራሴ ነው የማወራው፤ ያውም ሰበታ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ስለተከናወነ አንድ ታላቅ እራት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጡረታ ምን እንደሆነ ያልወጣ ሰው አያውቀውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ዝም በሉ» ስትላቸው ዝም የሚሉ ሰዎች ፊት ቆመህ ኖረህ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ የቀረችህ ተማሪ ሚስትህ ብቻ ትሆናለች። እሷ ደግሞ ዝም አትልም። ምን ይደረግ? ስልኬን ይዤ የምግብ አሠራር ማየት ጀመርኩ። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ሲከትፉ፣ ሲገለብጡ፣ ቀምሰው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እያየሁ፣ ምግብ ማብሰል ማለት ሙቀት፣ ጊዜና መጠን፣ በአጭሩ ፊዚክስ መሆኑን ደረስኩበት። ይህንንም ለባለቤቴ ለአስካለ በየቀኑ አስረዳት ነበር። አስካለ ሽንኩርቷን እየከተፈች ታዳምጠኛለች። አንድም ቀን አልተከራከረችኝም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በሰፈራችን አስካለ ማለት ወጥ ማለት ነች። ሰርግም ሆነ ክርስትና ሲኖር «አስካለ ትቅመሰው» ሳይባል ድስት አይወጣም። ቀምሳ «ትንሽ ይቀረዋል» ካለች ይቀረዋል፤ ይግባኝ የለውም። ይህን ስም ያገኘችው ስንት ዓመት እሳት ፊት ቆማ ነው። እኔ በአንድ ምሽት አደጋ ላይ የጣልኩት ይህንኑ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ሩት ገመቹ ከሚባል የሱሉልታ ልጅ ጋር ተጫጨች። ሽማግሌ መጣ፣ «እሺ» ተባለ፣ ቀለበት ታሰረ። የቀረው የገመቹ ወላጆች፣ ኦቦ ደበላና አዴ ጫልቱ፣ ቤታችን መጥተው መተዋወቃችን ነበር። ሱሉልታና ሰበታ በካርታ ላይ ሲታዩ ቅርብ ናቸው፤ ችግሩ መሃላቸው ላይ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ መቀመጧ ነው። ያን ሁሉ የመኪና ሰልፍ አልፎ ሰበታ የሚደርስ ሰው ምን ያህል ረሃብ ይዞ እንደሚደርስ እግዜር ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የሚቀርብለት ነገር ቀልድ መሆን የለበትም።

ቅዳሜ ሊመጡ ማክሰኞ ዕለት አስካለ ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ ቀኝ እጇን ወለም አላት። ቡራዩ ድረስ ወሰድኳትና አንድ የታወቁ ወጌሻ አሽተው፣ በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩላት። ለሁለት ሳምንት ማንኪያ እንኳ እንዳታነሣም አስጠነቀቋት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። እጇን አሟት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምታለቅሰው ለዶሮ ወጡ ነው። ተጂ ከተማ የምትኖረው እህቷ መጥታ እንድትሠራላት ልትደውል ስትል፣ ስልኩን ከእጇ ቀስ ብዬ ወስጄ «እኔ አለሁ» አልኳት።

ዶሮ ወጥ ግን አልሠራም። ሞኝ አይደለሁም። ዶሮ ወጥን የማይፈርድበት ማን አለ? ሕፃኑም ሽማግሌውም ዳኛ ነው። እኔ የመረጥኩት ኞኪ የሚባለውን የጣልያኖች ምግብ ነበር። ድንች ተቀቅሎ ይፈጫል፣ በዱቄትና በእንቁላል ይታሻል፣ የጣት ጫፍ እያከለ ተቆርጦ እንደገና ይቀቀላል። ላዩ ላይ ክሬም ይፈስበትና በጢስ የበሰለ ዓሣ ጣል ጣል ይደረግበታል። ኦቦ ደበላ በዕድሜያቸው ኞኪ በልተው አያውቁም፤ በልተው የማያውቁትን ነገር ደግሞ ተበላሸ ሊሉት አይችሉም። እንዲህ ነበር ስሌቴ። በልተው ሲያመሰግኑ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የሠራሁት እኔ መሆኔን አስታውቃለሁ። እስከዚያው ማንም እንዳይሰማ፣ ሩትም ጭምር።

አስካለ ብዙ አሰበችና አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ጥሩ ከሆነ አንተ ሠራኸው ይባል፣ ደስታህን አልነጥቅህም አለች። ከተበላሸ ግን አንተን የሚጠረጥር የለም፤ የሚባለው «የሩት እናት ምግብ አታውቅም» ነው፤ ልጄም እነሱ ዘንድ ገብታ ድስት ባነሣች ቁጥር «ከማን ትማር» ስትባል ልትኖር ነው አለችኝ። ከተበላሸ እዚያው ተነሥቼ በራሴ አፍ እንደምናገር ማልኩላት። ማርያምን ብዬ ነው የማልኩት፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ ማድ ቤቱን ተረከብኩ። ድንቹን ቀቅዬ በሹካ ስፈጨው ውሃ አወጣ። ዱቄት ጨመርኩ። ተጣበቀ። አሁንም ዱቄት ጨመርኩ። በስልኬ ውስጥ ያሉት ሰውዬ ሊጡ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል ይላሉ፤ የኔው ግን የሕፃኑን አባት መሰለ። እንቁላል ጨምሬ እንደ ምንም አባበልኩት። ከዚያ እያንዳንዷ ቁራጭ በሹካ ጀርባ ላይ እየተንከባለለች መስመር ይወጣላታል፤ ክሬሙን እንድትይዝ ነው አሉ። የመጀመሪያዎቹን በፍቅር አንከባለልኩ። መሃል ላይ ስደርስ ጣልያኖች ሌላ ሥራ የላቸውም ወይ ማለት ጀመርኩ። ወገቤን ሲቆርጠኝ አስካለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆማ የምታደርገውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩት፤ አስቤው ግን አልነገርኳትም።

ክሬሙን የሸጠችልኝ የወተት ቤት ሴትዮ ለኬክ ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ «ለዓሣ ነው» ስላት መልሳ ልትወስድብኝ ምንም አልቀራት። ዓሣው የጀማል ነው። ጎረቤቴ ጀማል ከዝዋይ ዓሣ እያስመጣ፣ ጓሮው ባለ በርሜል ውስጥ በእንጨት ጢስ አብስሎ ለሆቴሎች ያቀርባል። በደንብ ጢስ የጠጣውን መርጬልሃለሁ ብሎ ነው የሰጠኝ። ዓሣውን ፈልፍዬ ከክሬሙ ጋር ስቀላቅለው ጠረኑ ሳሎን ደረሰ መሰለኝ፣ አስካለ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጢስ ገብቶበታል አለች። እንዲገባበት እኮ ነው የተፈለገው አልኳት። ጢስ ጢስ የሚል ወጥ ያቀረበች ሴት ስሟ የት እንደሚደርስ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወሬው ሰፈሩን ዞሮ እሷን ቤቷ ቁጭ ብላ ያገኛታል። እኔ ፊዚክሱን ሁሉ ስቆጥር ይህን ሳልቆጥር ቀርቻለሁ።

እንግዶቹን ሩትና ገመቹ በመኪና ይዘዋቸው ደረሱ። «አካም ጅርቱ» ብዬ በሩ ላይ ተቀበልኳቸው፤ ኦቦ ደበላ ደስ ብሏቸው በኦሮምኛ ረጅም ነገር መለሱልኝ፣ እኔም «ፈያ፣ ፈያ» እያልኩ እስከ ሶፋው አደረስኳቸው። ቀጭን፣ ረጅምና ቁጥብ ሰው ናቸው። አዴ ጫልቱ ገና ከመቀመጣቸው የአስካለን የታሰረ እጅ ይዘው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ኞኪው በትልቁ ሳህን ቀረበ። ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ቡናማው ዓሣ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎበት ሳየው ልቤ በኩራት አበጠ።

መጀመሪያ የቀመሱት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሹካው አፋቸው ውስጥ ትንሽ ቆየ። ሳህኑን አዩ፣ ከዚያ የአስካለን እጅ አዩ። በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምነው እህቴ፣ በዚህ እጅሽ ባትደክሚ፤ ለኛማ ሽሮም ይበቃን ነበር» አሉ። አስከትለውም እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ የክርስትና ወጥ አሳርረው እንግዳው ሁሉ ምንም ሳይል እንደበላላቸው አጫወቱን። ማጽናናታቸው ነው። ሰው ሲሰድቡት ይቆጣል፤ ሲያጽናኑት ግን ምን ይላል? አስካለ ፊቷ ቀልቶ ቀና አለችና እኔን አየችኝ። የማልኩላት ሰዓት ደርሳ ነበር።

ተነሣሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ውሃ ላምጣ» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጆግ ሙሉ ውሃ ነበር።

ማድ ቤት ገብቼ ቆምኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ስለ እውነት ለስንት ሺህ ተማሪ የሰበክሁ ሰው አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አቅታኝ ሚስቴን ባልሠራችው ምግብ አሰድቤ ማድ ቤት ተደብቄያለሁ። ሩትም ትዝ አለችኝ፤ አንገቷን ደፍታ ሹካዋን ስታሽከረክር ነበር። ከዚህ በላይ ብቆይ ጭራሽ መውጣት እንደማልችል ሲገባኝ ሦስተኛውን ጆግ ሞልቼ ተመለስኩ። ልናገር ቆርጬ ነበር፤ እመኑኝ።

ስገባ ኦቦ ደበላ ሳህናቸውን ባዶ አድርገዋል። ሩት ልጨምርልዎት ስትላቸው እምቢ አላሉም። ሁለተኛውንም ቀስ እያሉ ጨረሱና፣ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ ከተቀመጡ ጀምሮ የመጀመሪያቸው የሆነውን ረጅም ንግግር አደረጉ። የእናቴ ወተት ነው አሉ። እናታቸው ላም ከማለባቸው በፊት የወተት ዕቃውን በኤጄርሳ ያጥኑት ነበር፤ በወይራ ማለታቸው ነው። ያ ጠረን ወተቱ ውስጥ ይገባና እነሱ ልጆቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ይጠጡት ነበር። እናታቸው ካረፉ ወዲህ አግኝተውት አያውቁም። «እኛ ቤት አሁን ወተት የሚቀመጠው በጄሪካን ነው» አሉና ባለቤታቸውን በጎን አዩ። አዴ ጫልቱ ደንገጥ ብለው እንደገና ቀመሱ። አላመጡ፣ አሰቡ፣ «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ኤጄርሳ ነው» አሉ። ጀማል በርሜሉ ሥር የሚያነደው የወይራ ፍልጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለካ ያው ጢስ ወጥ ውስጥ ሲገባ ውርደት፣ ወተት ውስጥ ሲገባ ማዕረግ ኖሯል፤ ክሬም ደግሞ ምን ቢኩራራ ያው ወተት ነው።

ኦቦ ደበላ ተነሥተው ለአስካለ እጅ ነሱ። «በዚህ በታመመ እጅዎ የእናቴን ቤት አስታወሱኝ» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ገመቹ አባቱን እንዲህ ሆነው አይቷቸው ስለማያውቅ የሚገባበት ጠፋው። አዴ ጫልቱም በአንድ እጇ እንዲህ የሠራች በሁለቱማ ምን ልታደርግ ነው ብለው አደነቁ፤ ከዚህች እናት የወጣች ልጅ ቤታቸው ልትገባ በመሆኗ ፈጣሪን አመሰገኑ። ሩት ቀና አለች። የኔም አንጀት ራሰ።

አንጀቴ ከራሰ ዝም አልልም ነበር? አልቻልኩም። ጆጉን እንደያዝኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ደበላ ያን ሁሉ ቁጥብነታቸውን ረስተው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ሩት፣ የገዛ ልጄ፣ «አባዬ ደግሞ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አዴ ጫልቱ ብቻ አልሳቁም፤ ምስጋናው ሲበዛባት ዓይን እንዳይገባት ብለው ነው፣ ጥሩ ባል ናቸው ብለው ተከላከሉልኝ። ወደ አስካለ ዞርኩ። የቀረችኝ ምስክር እሷ ነበረች። አስካለ የታሰረ እጇን በጤነኛው ደገፍ አድርጋ፣ በፍጹም እርጋታ፣ «ድንቹን ልጦልኛል» አለች።

እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ ከፍቶኛል አልኳት። ሶፋው ላይ ተደላድላ፣ ጢሱ የኔ ሲሆን ውሃ ልታመጣ ሄድክ፣ ምስጋናው የኔ ሲሆን ምን አገባህ አለችኝ። ፊዚክሴን ትቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ሳቀችና ድስቱን አምጣው አለችኝ፤ የተረፈውን ከነጭልፋው ተካፍለን በላን። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነበር።

እጇ ድኗል። ኞኪው ግን በስሟ ቀረ። ባለፈው ሳምንት አዴ ጫልቱ ሊሠሩት ፈልገው ከሱሉልታ ደወሉ። አስካለ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ማድ ቤት ገባችና በዓይኗ ጠራችኝ። ድንቹ ትኩሱን ይፈጫል ብዬ በጆሮዋ አንሾካሾክሁ፤ እሷ ለሳቸው ደገመችላቸው። ዱቄቱ በአንዴ አይገለበጥም አልኩ፤ ደገመች። ክሬሙ መፍላት የለበትም ስል ድምፄ ትንሽ ከፍ አለ መሰለኝ፣ አዴ ጫልቱ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ነው አለቻቸው። እሳቸውም በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው፣ «ሳሎን አስቀምጪያቸው እህቴ፤ ሥራ ላይ ወንድ አጠገብሽ ሲያወራ ልብሽን ይከፍልብሻል» አሏት።

ሳሎን ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ ሳዳምጥ፣ የቀረውን ሁሉ ያለ እኔ፣ አንድም ሳትስት፣ እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።