ለእሑድ የተቀመጠ ጫማ

እኛ እንዲጠብቀን የገዛነውን ዕቃ ስንጠብቅ የምንኖር ሰዎች ነን። ጃንጥላችንን ዝናብ እንዳይነካው ብብታችን ሥር ሸጉጠን የምንሮጥ፣ የሶፋ ልብስ አሠርተን በልብሱ ላይ ሌላ ልብስ የምንደርብ። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም? እንግዲያው ይቅርታ። እኛ ቤት ግን አለ፤ ጫማ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ድንጋይ ይፈልጣል። ድንጋዩ እግሩ ላይ እንዳይወድቅበት የሚያምነው አንድዬንና በረባሶውን ነበር። እኔ ደግሞ ከኢንተርኔት ለቃቅሜ፣ ዕቃ ሳይሠራ ጥንካሬውን በኮምፒውተር መሞከር ተምሬያለሁ። ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ለሙሉቀን ላሠራለት ባሰብሁት የሥራ ጫማ አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን፣ ጣት የሚጠብቀውን ጠንካራ ቆብ ትስሉታላችሁ። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን እንደ መረብ በትንንሽ ዓይኖች ይከፋፍለዋል፤ ከዚያ ከላይ ድንጋይ ትጥሉበታላችሁ። የተጨነቀው ቦታ ቀይ፣ የቻለው አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እዚያ ውስጥ ጣት የለም። የሚለካው ቆቡ ከጎበጠ በኋላ ከሥሩ የሚተርፈው ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ከተረፈ ጣቱም ተረፈ ይባላል።

ሙሉቀን ስክሪኑን አየና «አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ስትወግረኝ ዋልህ እኮ» አለኝ።

ብረት ይከብደዋል ብዬ ቆቡን ጋራዦች የመኪና ቦዲ በሚጠግኑበት ፋይበር ሠራሁት፤ ጫማ ሰፊው ቆዳ አለበሰው። ቅለቱን ላባ በሉት። ጣጣው ማማሩ ነበር። ሙሉቀን ለቅዳሴ አድርጎት ሄደና ደጀ ሰላሙ ላይ አወለቀው። ሰኞ በበረባሶው ወደ ድንጋዩ ወረደ።

«ጫማውስ?» አልሁት።

«ድንጋይ ይጭረዋል።»

«ለድንጋይ እኮ ነው የተሠራው።»

«እንዲህ ያለውን ጫማ? ሰው ምን ይለኛል?»

ሚስቱ እታለምም «ተወው፣ ለእሑድ ይቆይለት» ብላ በፌስታል ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባችው።

በዚያው ሳምንት ድንጋዩ ወደቀ። ኮምፒውተሬ ላይ እንደሚወድቀው፣ ቀጥ ብሎ ከላይ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣትና ጎረቤቱ ጣት ተቆርጠው ሐኪም ቤት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ተደላድሎ ቆሞ መዶሻ ማንሳት አልሆነለትም፤ እታለም ለሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

አሁን ጫማውን ከእግሩ አያወልቅም። ቆቡ ቅርጹን ስለሚይዝ፣ ላየው ሰው እግሩ ሙሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማ ያስወልቃል፤ ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል።

እኔም ስሌቱን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ስህተት የለበትም። ከቆቡ ሥር ያለው ባዶ ቦታ እስካሁን በሚገባ ተጠብቋል።