አሜን ያለ አካፋ ይዞ ይምጣ

በሶዶ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ «ጌታ ያዘጋጃል» የሚል ሰው አለው። የሌለው ሰፈር ካለ ገና መብራት ያልገባለት መሆን አለበት። ለወይዘሮ ፈጠነች ሰፈር የደረሱት ጋሽ ቶማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የወንጌል አገልጋይ፣ የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ የዕድሜ ልክ ሰብሳቢ።

ጋሽ ቶማ ጃንጥላ አይዙም። ዝናብ ሲወርድባቸው «ይኼ የመጣው ለጓሮው ቦይና፣ ለጎደሬው ነው፤ እኔ መሃል ገብቼበት ነው» ይላሉ። የገሱባ ሚኒባስ ካመለጣቸው፣ ያመለጣቸው በምክንያት ነው። የተሳፈሩበት መንገድ ላይ ጎማው ቢፈነዳም በምክንያት ነው። ጎማው እስኪቀየር ተሳፋሪውን መዝሙር ያስጠናሉ፤ ረዳቱ ሳይወድ ድምፅ ይቀበላል።

በምርጫ ቀን ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ለሰልፈኛው ይጸልያሉ፣ ለታዛቢው ይጸልያሉ፣ ለኮሮጆውም ይጸልያሉ። ግብር ሌላው ሰው ገና ሲያጉረመርም ከፍለው ይመለሳሉ። «ለመንገዱ እንጸልይ የለም እንዴ? ሳንከፍል በየት አፋችን?»

ፈጠነች የእህል ነጋዴ ናት። ማርያምን ትወዳለች፤ ጋሽ ቶማን ደግሞ በሩቁ ታከብራለች። ግንቦት ላይ ግን አክብሮቷ ተፈተነ። ጎርፉ በሯ ፊት ያለውን የቦይ ድልድይ ጠርጎ ወሰደው፤ የልጇ የናዝራዊት ሠርግ እሁድ ነው። መኪና ካልገባ ሙሽራዋ በነጭ ቬሎ ጭቃ ልትሻገር ነው።

«ጋሽ ቶማ፣ ሰው ይጥሩልኝ እንጂ!»

«እህቴ፣ ጌታ ያዘጋጃል።»

«እሱስ ያዘጋጃል። በእርስዎ በኩል አካፋ የያዘ ሰው ቢልክልኝ ምን አለበት?»

ጋሽ ቶማ ሳቁ። ሳቃቸው ይበልጥ አናደዳት። ሳምንቱ ሲያልቅ ስብሰባ የለ፣ ስልክ የለ፣ በር ያንኳኳ የለ። ፈጠነች ናዝራዊትን በሸክም ስለማሻገር ማሰብ ጀመረች።

ዐርብ ከሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ብርቄን ሊጠይቅ ሄደ፤ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ገንፎው ቀረበ። «እስቲ ዓይናችንን እንጨፍን» አሉ ጋሽ ቶማ። ፈጠነች አልጨፈነችም፤ የገንፎውን ቅቤ ታያለች። ለእናት ጸለዩ፣ ለሕፃኑ ጸለዩ፣ ለዞኑ ጸለዩ፣ ለአገር ጸለዩ። ከዚያ ድንገት አቅጣጫ ቀየሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ነገ በማለዳ በእህታችን በፈጠነች በር አካፋ የያዙ ልጆችህን እንደምታቆም አምናለሁ።»

«አሜን!» አለ ቤቱ፣ በለመደው አፉ።

«አሮን ባጃጁን እስከ ምሳ ሰዓት እንደሚያቆም አንተ ታውቃለህ።»

«አሜን!» አለ አሮን። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

«በመክብብ ጓሮ የተኛው የባሕር ዛፍ ግንድም ከአንተ የተሰወረ አይደለም።»

መክብብ ዝም አለ። ጋሽ ቶማ ጠበቁት። ቅቤው መርጋት ጀመረ።

«ኧረ አሜን በል፣ ገንፎው ቀዘቀዘ!» ጮኸች ብርቄ ከአልጋዋ።

መክብብ አሜን አለ።

በዚህ ሰፈር ቀጠሮ ይታጠፋል፤ ጎረቤት የሰማው አሜን ግን አይታጠፍም። ቅዳሜ ሁሉም መጣ። ግንዱም መጣ። አሮን ጭቃ እየዛቀ «ጋሽ ቶማ፣ ከእንግዲህ እኔ ዓይኔን ገልጬ ነው የምጸልየው» አለ።

«ግለጥ ልጄ። አፍህን ብቻ እንዳትዘጋ።»

ሲመሽ ድልድዩ ቆመ። ሌሊቱን ደግሞ ዘነበ።

እሁድ የሙሽራው መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ገቡ፤ ድልድዩ ቻላቸው። ፈጠነች በአዲስ ቀሚሷ ጋሽ ቶማን ከእንግዶቹ መሃል ብትፈልግ አጣቻቸው። «ይኼኔ አንዱ ጥግ ይጸልያሉ» አለች በሆዷ። ናዝራዊት ተሳፈረች። መኪናው ለመውጣት ድልድዩ ላይ ሲወጣ እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ፈጠነች ደንግጣ ወደ ቦዩ ጎንበስ አለች።

ጋሽ ቶማ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው፣ መሃለኛውን ምሰሶ በትከሻቸው ደግፈዋል።

«ጋሽ ቶማ! ምን ሆነው ነው?»

«ዝም በይ፣ ሙሽራዋን እንዳታስደነግጫት። ዝናቡ ሥሩን በልቶታል። ድንጋይ አድርጌበታለሁ፤ እኔ ለማንኛውም ነው።»

የናዝራዊት መኪና ተሻገረ። ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ተሰልፈዋል። «የሙሽራዋ እናት፣ ግቢ እንጂ! ረፈደ!» አላት አንዱ፣ በር ከፍቶ።

ፈጠነች አልገባችም። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጋሽ ቶማን ኮት አንስታ ታቀፈችና ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመች። የመጨረሻው መኪና እስኪሻገር በየሾፌሩ ላይ ጮኸች።

«ቀስ! ቀስ በል አንተ! ከሥር ሰው አለኝ!»