በጥቁር ልብስ፣ በጠዋት፣ በጠጠር መንገድ

ትልቅ ሰው ብስክሌት ሲነዳ ሲታይ ለምን እንደሚታዘንለት አላውቅም። በተለይ ሰውዬው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ ባለትዳር ከሆነ ሐዘኑ ይበረታል። ወልድያ ውስጥ ብስክሌቴን ይዤ በወጣሁ ቁጥር ባጃጅ ነጂዎች ፍጥነት ቀንሰው ከንፈር ይመጥጡልኛል። አንዱማ ዳገት ላይ አጠገቤ ተጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ይግቡና በነፃ ላድርስዎ» ብሎኛል። ስፖርት ነው ስላቸው አያምኑም። ቢያምኑም አይሻላቸውም፤ በገዛ ፈቃዱ የሚሰቃይ ሰው ይብስ ያሳዝናቸዋል።

እናንተም ከነሱ ወገን ትሆኑ ይሆናል፤ አልቀየምም። በዚህ ጉዳይ ግን ማንም አይረታኝም። አስፋልቱን ለሲኖትራክና ለሚኒባስ ትቼላቸዋለሁ፤ ይጋፉበት። የእኔ መንገድ ጠጠሩ ነው። ጎማዋ ከአስፋልቷ ብስክሌት ወፈር፣ ከተራራዋ ሳሳ ያለ ብስክሌት ይዞ ከመርሳ በላይ ባለው ጋራ ግራና ወደምትባለው ከተማ የሄደ ሰው፣ ጽዱንና ወይራውን ሰንጥቆ ወጥቶ ሸለቆው ድንገት ከእግሩ ሥር ሲዘረጋለት ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ መንገድ ሲወራለት በትዕግሥት ማዳመጥ ብቻ ነው የሚተርፈው። ሐራ ከተማ ድረስ ወርጄ ሜዳውን ሞክሬዋለሁ፤ ያስተኛል። ብስክሌት የሚያምረው ዳገት ሲኖር ነው፤ ቁልቁለቱማ ደመወዝ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነን። እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ታደሰ፣ እና መድኃኒት ቤት ያለው ኑሩ። ከሦስታችን እውነተኛው ጉልበት ያለው ኑሩ ሲሆን ታደሰ ንድፈ ሐሳቡን ይዟል። እኔ መንገዱን እመርጣለሁ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፋን፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ከገላ ጋር ልክክ የሚል። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አቧራ አያሳይም፣ ደግሞም ቀጭን ያስመስላል።

ያን ሰሞን የሚስቴ ወንድም ወልድያ ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና ልጠይቀው ስሄድ፣ ከአጠገቡ አልጋ የሐሞት ጠጠር አስወጥተው ከተኙ አቶ ሰይድ ከሚባሉ ሰው ጋር ተዋወቅሁ። ገበሬ ናቸው፤ ከግራና በላይ ካለች መንደር። ቅዳሜ በዚያ በኩል በብስክሌት እንደማልፍ ስነግራቸው ስፌታቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔ ጠጠር አስወጥቼ እተኛለሁ፣ አንተ ጠጠር ፍለጋ ትሄዳለህ» አሉኝ። ከዚያ አደራ ሰጡኝ። መንደራቸው ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ የሚገኘው ጋራው ራስ ላይ ብቻ ነው። «ለዘሀራ፣ ሰይድ ደህና ነው፣ ስፌቱ ደርቋል፣ ረቡዕ ይለቁታል በልልኝ። በሐሳብ እንዳታልቅብኝ።»

እንዲህ ያለ የምሥራች ይዞ የሚነዳ ሰው እግሩ ይቀለዋል። አርብ ማታ መርሳ አደርንና ሙቀቱ ሳይመጣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጋራውን ወጣን፣ ወረድን፣ የመንደሯን የመጨረሻ ዳገት ስንወጣ ሳምባችን ተንጠፍጥፎ አለቀ። እዚያው ከሱብሂ ሶላት በኋላ መስጊድ ቆይተው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ሰጥተን፣ የአቶ ሰይድ ቤት የት እንደሆነ ጠየቅሁ።

ሽማግሌው ከጫማዬ እስከ ራስ መከላከያዬ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከወልድያ… ከሆስፒታል… ከእሳቸው ዘንድ…» ከዚህ በላይ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቀድመው መሄድ ጀመሩ። ከየደጁ ሰው ብቅ እያለ ያየናል፤ ጋቢውን ደርቦ ይከተለናል። አንድም የሚያወራ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላችን ጎዳናው ሞልቷል። «ይሄን ሕዝብ አየኸው? እንዴት ያለ ስፖርት ወዳድ ነው!» አልኩት ለታደሰ። ታደሰም ደረቱን ነፋ አደረገ።

እናንተ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። የሚያረዱትም ሁለት ሦስት ሆነው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜም ሄጃለሁ። ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን ያወቅሁት ሁሉ ይጠፋኛል መሰለኝ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ይባስ ብለን እንደ ጨዋ ሰው የራስ መከላከያችንን አወለቅንና፣ ትንፋሻችን እስኪመለስ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን አቀረቀርን።

ወይዘሮ ዘሀራ ወጡ። ቀጭን፣ ፊታቸው የሚያምር ሴት ናቸው። እኛን አዩ፤ ከኋላችን ያለውን ሰው አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ። ሽማግሌው ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ቀስ ብለው።

ሴትዮዋ አልጮኹም። በሩ ላይ ቁጭ አሉ። የጮኸው መንደሩ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ደህና ናቸው! አቶ ሰይድ ደህና ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ይስማኝ! መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ምን ይላል? ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ይላል። ሰውን ቀስ በቀስ ነው የሚያስለምዱት። ኑሩ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ተሽሏቸዋል» ሲል አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «አዎ ወንድሜ፣ ተገላገለ» አለው። እኔ ወይዘሮ ዘሀራ አጠገብ ተንበርክኬ፣ «አብሽሩ እናቴ፣ አብሽሩ» አልኩ፤ ቃሉ ደግሞ ለሐዘንተኛም የሚባል ነውና ነገሩን ጨርሶ አጸደቀው። ሽማግሌው እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ጀናዛው የት ደረሰ?» ብለው ስለ አስከሬኑ ጠየቁኝ።

«እናቴ ትሙት፣ ሰውየው በሕይወት አሉ!» አልኩ።

«ታዲያ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ልብስ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አሉኝ። ለመዝናናት ነው ማለት በለቅሶ መሐል አያዋጣም።

ወይዘሮ ዘሀራ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም» አሉ። ልክ ናቸው። ኑሩ የሚስቴን ወንድም ስልክ ቁጥር ከእኔ ተቀብሎ፣ ብስክሌቱን አንሥቶ የወረድነውን ጋራ መልሶ ተያያዘው። ስለ ብስክሌት ጥቅም ሁልጊዜ የምከራከረው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ክርክሩን የረታልኝ የኑሩ ጀርባ ነው። ዳገቱን እየወጣ፣ እያነሰ፣ ጽዱ ውስጥ ገባ። እኛ ለቅሶው መሐል ቀረን። ታደሰ ከሰው ጋር አብሮ እንባውን ይጠርጋል፤ ለምን እንደሚያለቅስ ስጠይቀው፣ «ያሳዝናላ!» አለኝ።

ኑሩ ተመለሰ፤ አቧራና ላብ ሆኖ፣ ጥቁር ልብሱ አቧራ አያሳይም ያልኩትን ውሸት አድርጎ። ጋራው ራስ ላይ ሆኖ ለሚስቴ ወንድም ደውሎ፣ ከአጠገቡ የተኙትን የአቶ ሰይድን ድምፅ ስልኩ ላይ ቀድቶ መጥቷል። ሰዉ ከበበው። ስልኩን ወደ ወይዘሮ ዘሀራ ጆሮ አስጠጋው፤ ማስጠጋት ግን አላስፈለገም፣ መንደሩ በሙሉ ሰማ።

«ዘሀራ! ሞቷል ብለሽ ቁጭ አልሽ አሉ! ዛሬ ቅዳሜ አይደለም? የውሃ ተራችን አይደለም? አገሩ ሁሉ ለቅሶ ከተቀመጠ ቦዩን ማን ከፈተው? ያ ሙሄ ይሄኔ ውሃዬን ወደ ራሱ መልሶ ሽንኩርቴን አድርቆታል! ተነሺ! ሞቼ እንኳ ውሃ አላስነጥቅም!»

ወይዘሮ ዘሀራ ተነሡ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «እሱ ነው» አሉ። «የሞተ ሰው ይህን ያህል አይቆጣም።» እና እያለቀሱ ሳቁ፤ መንደሩም አብሮ ሳቀ፤ የእኔም ዓይን እንባ ሞላ። ከዚያ አካፋ አንሥተው ወደ ማሳው ሮጡ፤ እኛም፣ ለቀስተኛውም ተከተልን።

ሙሄ የተባለው ጎረቤት ከአቶ ሰይድ ጋር በዚያ ቦይ የተነሣ ሰላምታ ካቆሙ ቆይቷል አሉ። እና ማን ማሳው ውስጥ ቆሞ አገኘን? ሙሄ። ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ አካፋውን ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ውሃው ግን የሚፈሰው ወደ አቶ ሰይድ ሽንኩርት ነው። ለቅሶውን ሲሰማ ከሁሉ በፊት የሮጠው ወደ ቦዩ ኖሯል፤ የሟች ማሳ ተራው እንዳያልፈው።

«ሙሄ፣ ሰይድ አልሞተም» አሉት ወይዘሮ ዘሀራ።

ሙሄ እሳቸውን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እኛን ሦስታችንን አየ።

«መኖሩን ባውቅ መች አጠጣለት ነበር!» አለ።

ውሃውን ግን አልመለሰውም። እንዲያውም ጎንበስ ብሎ ውሃ ያልደረሰውን የሽንኩርት መደብ ከፈተለት።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዘሀራ ያወጡብን ሕግ ጸንቶብናል፤ በዚያ መንደር ስናልፍ ነጭ እንለብሳለን፣ ከጋራው ራስ ጀምሮ ደወል እንመታለን፣ ከመድረሳችን በፊትም ከሩቁ «ሁሉም ደህና ነው!» ብለን እንጮኻለን። ለፍጥነት አይመችም፤ መንገዱ ግን አሁንም ከሁሉ ይበልጣል፤ አልከራከርም። አቶ ሰይድም ድነው ማሳቸው ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሳልፍ ጠሩኝና ከሰው ፈንጠር አድርገው ወሰዱኝ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ አንድ በአንድ አስነገሩኝ። ሙሄ ጋ ስደርስ ወደ ወዲያኛው ማሳ አሻግረው አዩ።

«ሰላም ወረደ ወይ?» አልኳቸው።

«ምን ሰላም! በመጣሁ በሳምንቱ ውሃዬን ዘጋው እንጂ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቅዳሜ ደግሞ ተራዬ ነው። ያችን ጥቁሯን ልብስ ለብሳችሁ በጠዋት ብቅ ብትሉልኝ ምናለ?»