ከሸራው ጀርባ የተቀመጥን ጊዜ

ካርሲናህ፦ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ጃሙ ሸጫለሁ፤ የእርድና የዝንጅብል መጠጥ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ቅርጫቱን በጀርባዬ አዝዬ፣ በየበሩ። ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ።

ፓይነም፦ ጎረቤቴ ናት። በሁለት ዓመት ስለምበልጣት «ዩ» ትለኛለች፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ «ነም» እላታለሁ። በትምህርት ቤት በር አልፋለች እንጂ ገብታ አታውቅም።

[ቦታው ከዮግያካርታ በስተደቡብ ያለው የመንደራችን ሜዳ ነው። የመግሪብ ሶላት አሁን አልቋል። ሴቶች የሠሯቸው ዘጠኝ አጫጭር ፊልሞች ሊታዩ ስለሆነ በሁለት ቀርከሃ መካከል ነጭ ሸራ ተወጥሯል። ሰባተኛውን የሠራችው የልጅ ልጄ ወኒንግ ናት፤ ፊልሙም ስለ እኔ ነው። ምንጣፉ በእጄ፣ ክርክሩ በአፌ።]

ፓይነም፦ ሰው ሁሉ እኮ በዚያ በኩል ነው፣ ዩ።

ካርሲናህ፦ ሰው ሁሉ ስለማያውቅ ነዋ። የቆዳ አሻንጉሊቶቹ የጥላ ጨዋታ ሲኖር፣ የደጋሹ የክብር እንግዶች ድሮ የት ነበር የሚቀመጡት?

ፓይነም፦ ከሸራው ማዶ፣ ጥላው በሚታይበት።

ካርሲናህ፦ መብራቱ ጋ፣ ከአጫዋቹ ኋላስ?

ፓይነም፦ ያልተጠራው ሁሉ።

ካርሲናህ፦ እንግዲህ እይው፤ የፊልሙ መብራት ያለው ሰዉ በተቀመጠበት በዚያ በኩል ነው። እኔ ደግሞ የተጠራሁ ሰው ነኝ።

ፓይነም፦ ወኒንግ ፊት ለፊት ወንበር ይዛልሻለች።

ካርሲናህ፦ ልጅ ናት፣ ወግ አታውቅም። ጫፉን ያዢልኝ።

[ከሸራው ጀርባ አነጠፍን። እኔ፣ ነምና አንድ የታሰረ ፍየል ብቻ ነን። ስለ ፊልም አዋቂ ነበርኩ በራሴ ግምት፤ በልጅነቴ ሁለት አይቻለሁ፣ ሁለተኛውንም ዝናብ አቋርጦታል።

በጉያዬ አንድ ወረቀት አለ። ፊልሙ ጃካርታ ሄዶ እንዲታይ ፊቷ የሚታየው ሴት መፍቀድ አለባት። ወኒንግ ጠዋት ስትሰጠኝ፣ አይተው ከወደዱት ብቻ ጣትዎን ያሳርፉበት፣ ካልወደዱት እዚሁ ይቀራል አለችኝ። «ይቀራል» ያለችው ሁለት ዓመት የለፋችበትን ነገር ነው። እኔም እንደ ዳኛ ራሴን ነቀነቅሁ።

የመጀመሪያው ፊልም በጽሑፍ ጀመረ።]

ፓይነም፦ ምን ይላል?

[አፈጠጥኩበት። የማውቀው ፊደል አንድም የለም።]

ካርሲናህ፦ የውጭ አገር ቋንቋ ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ላይ እንዲህ ነው የሚጻፈው።

ፓይነም፦ ከተማረ ሰው ጎን መቀመጥ ደግ ነው።

[አንደኛው ፊልም ስለ አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። መኪኖቹ ሁሉ መንገዱን በቀኝ ይዘው ይሄዳሉ። እኛ አገር በግራ አይደለም ወይ ብላ ነም ጠየቀችኝ። ውጭ አገር የተቀረፀ ነው አልኳት። ትኬት ቆራጯ እኮ የዱቄት ነጋዴው ልጅ ናት አለችኝ። ታዲያ ውጭ ሄዳ ይሆናላ አልኳት። ነም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ ሌሎቹን አምስት አስረዳኋት።

ከዚያ እኔ መጣሁ። ከቤቴ ጣሪያ የምበልጥ ሆኜ፣ ቅርጫቴን አዝዬ። የመንደሩ ሹም እናት በራቸው ላይ ቆመዋል። ባለፈው ዓመት ሞተዋል፤ ሸራው ላይ ግን ጃሙውን መረረኝ ብለው ፊታቸውን ሊያኮሳትሩ ተዘጋጅተዋል። ዓይኔ እንባ ሊሞላ ሲል እጄን አየሁት።]

ካርሲናህ፦ ነም፣ ብርጭቆውን በየትኛው እጄ ነው የሰጠኋቸው?

ፓይነም፦ በግራሽ።

ካርሲናህ፦ ለሹሙ እናት፣ ለሟቿ፣ በግራ እጄ።

ፓይነም፦ ከዚህ ሲታይ፣ አዎ።

ካርሲናህ፦ ከየትም ቢታይ ግራ ግራ ነው።

[በእኛ ዘንድ ለሰው በግራ እጅ ከመስጠት ጭራሽ አለመስጠት ይሻላል። እናቴ የግራ እጄን በማንኪያ እየመታች ነው ያሳደገችኝ። ሸራው ላይ ግን ለኢማሙ ሚስት በግራ፣ ለሙሽራይቱ በግራ፣ ለአራሷም በግራ እሰጣለሁ፤ እንዲያውም ፈገግ እያልኩ። ነም ለውዝ ልግዛ ብላ ወደ ፊት በኩል ዞራ ተመለሰች።]

ፓይነም፦ ከዚያ በኩል እኮ በቀኝሽ ነው የምትሰጪው።

ካርሲናህ፦ ዓይንሽን ሞራ ይዞት ነው። ፊቴን ተመልከቺ፤ ጉንጬ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ በመስታወቴ እንደማየው ልክ በቦታው ነው። ፊቴን ሳትቀይር እጄን ከቀየረች ሆን ብላ ነው።

ፓይነም፦ ለምን ብላ?

ካርሲናህ፦ ለማሳቅ። የከተማ ትምህርት ይኸው ነው። ስነግርሽ፣ ይቺን ወረቀት እቀድዳታለሁ።

[አወጣኋት። ጫፏን መቅደድም ጀምሬ ነበር።]

ፓይነም፦ እስኪያልቅ ጠብቂ። እኔ ገና አልወጣሁም።

[ሸራው ላይ ወጣች። በራሷ ደጃፍ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። እኔ ወሬዬን ሳላቋርጥ ብርጭቆ እዘረጋላታለሁ፤ በቀኝ እጄ። ከሸራው ወዲያ ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። ለዕረፍትም መብራት በራ።]

ካርሲናህ፦ አየሽ ጉድ? ስንቱን ሰው ሳዋርድ ዝም ያለ ሕዝብ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሰው በቀኜ ብሰጥ ይስቃል።

ፓይነም፦ ዩ፣ አበባ ያለበትን የባቲክ ጨርቅ ገልብጠሽ ብታዪው፣ አበባው ወዴት ያያል?

ካርሲናህ፦ ወደ ሌላው ጎን ነዋ። ይህን ማንም ያውቃል።

ፓይነም፦ እኛ በግልባጩ ነው የተቀመጥነው።

[የውጭ አገሩ ቋንቋ ትዝ አለኝ። ውጭ ሄዳለች ያልኳት የዱቄት ነጋዴው ልጅ ትዝ አለችኝ። ፍየሉ ያየኛል።]

ካርሲናህ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?

ፓይነም፦ ምንጣፉን ስናነጥፍ።

ካርሲናህ፦ ታዲያ ስድስት ፊልም ሙሉ ሳስረዳሽ?

ፓይነም፦ ደስ ብሎሽ ነበር።

ካርሲናህ፦ እሺ። ስለዚህ ለሹሙ እናት በቀኜ ነው የሰጠሁት።

ፓይነም፦ በቀኝሽ፣ ጎንበስ ብለሽ።

ካርሲናህ፦ ለኢማሙ ሚስትም።

ፓይነም፦ ለእሷም።

ካርሲናህ፦ አልሐምዱሊላህ።

ፓይነም፦ የእኔንስ አትጠይቂም?

[አሰብኩት። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ጭንቅላት ይህን ለመገልበጥ ጊዜ ይወስድበታል።]

ካርሲናህ፦ ላንቺ በግራዬ ነው የሰጠሁሽ።

ፓይነም፦ ሰዉ የሳቀው ለእሱ ነው። ወኒንግ አያቴ ታፍራለች ብላ ልትቆርጠው ነበር። ተይው ያልኳት እኔ ነኝ።

ካርሲናህ፦ ያን ቀን ምን ነክቶኝ ነው?

ፓይነም፦ ያን ቀን ብቻ መሰለሽ? አርባ ዓመት ሙሉ ነው። ቀኝሽ ጠርሙሱን እንደያዘ፣ አፍሽ ወሬውን እንደጀመረ፣ ግራሽ ወደ እኔ።

ካርሲናህ፦ ተቀይመሽኝ ነበር?

ፓይነም፦ የመጀመሪያውን ዓመት።

[ከዚያ በኋላስ ልላት ስል ወኒንግ ሸራውን ዞራ መጣች። ወንበሩ ባዶ ሲሆንባት ሜዳውን ሁሉ ስትፈልገኝ ቆይታለች። ከዚህ ሆነን ማየታችንን ስታውቅ ልትስቅ አለችና ጫፉ የተቀደደውን ወረቀት አየች፤ ሳቋ ጠፋ። ወደዱት ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እጇን በእጇ ይዛ ቆመች።

ያቺን የመጨረሻዋን ቁረጫት ማለት እችል ነበር። ካላልኩ ደግሞ ጃካርታ ሁሉ ጎረቤቷን በግራ እጇ የምታጠጣ ባለጌ አሮጊት ሊያይ ነው። ነምን አየኋት። ለውዟን ትፈለፍላለች፤ ወደ እኔ አትመለከትም።

ምንም እንዳትቆርጪ አልኳት። ልጅቱ ተንበርክካ እጄን ግንባሯ ላይ አስነካች፤ የአሻራውንም ቀለም ዕቃ ከፈተች። እኔም ቀኝ አውራ ጣቴን እንደ ጨዋ ሰው ዘረጋሁ። ወኒንግ አንገቷን ደፋች። አዘጋጆቹ የሚቀበሉት የግራውን አሻራ ብቻ ነው አለች፣ ቀስ ብላ። እጄ አየር ላይ ቀረ።]

ፓይነም፦ ስጪያት፣ ዩ። ያ እጅሽ ለዘመድ ነው የሚዘረጋው።