የወንበሩ ሶል

ትናንት በሕልሜ ተቀምጬ ዋልኩ።

መጀመሪያ የፋብሪካችን በር ላይ ደረስኩ። «መቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጥበቃው አልጋ ዘርግቶ ተጋድሟል። መታወቂያዬን ሳይሆን ተረከዜን አገላብጦ አየና «እግርሽ ይግባ፤ አንቺ ተከተይው» አለኝ። እግሬ ቀድሞኝ ገባ። አላመመኝም። በውኔ ግን ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ምስማር እንደመርገጥ ናት። ሸሚዝ እየፈተሽኩ፣ የተንጠለጠለ ክር እየቆረጥኩ ሲሚንቶ ላይ ስቆም ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ በእግሬ ልክ የሚሠራ የጫማ ውስጥ ሶል አዘዘልኝ፤ «በየሰዓቱ ትንሽ ትቀመጥ» የሚል ደብዳቤም ጻፈልኝ። ሶሉን አሠራሁ። ደብዳቤውን ለአለቃችን ለአቶ መንክር ሰጠሁት። «አየዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ ተይዤ፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ሦስተኛው ስንብት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሸሚዞች ሰው ይፈትሻሉ። አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ አገላብጦ አየኝና «ተረከዟ ጋ ስፌቱ ለቋል፤ ግን ትለፍ» አለ። አለፍኩ። እዚያ ሐኪሜ ተንበርክኮ የአንድ ወንበር እግር ይለካል። አራቱንም እግሮች በየተራ ወረቀት ላይ እያስቆመ ዙሪያቸውን በእርሳስ ያሰምራል።

«ለወንበርም ሶል ይሠራል እንዴ ዶክተር?»

«ቀኑን ሙሉ ቆሞ እኮ ነው የሚውለው። አያሳዝንሽም?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ተቀመጪ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ሰው በመቀመጥ ብቻ እንዲህ ደስ ይለዋል?

ቀና ስል አለቆቹ ሁሉ በባዶ እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። አቶ መንክር ከፊት ነው። ተረከዙ አብጧል።

«እህት ዓለም» አለኝ ጫማዬን እያየ፣ «ሶልሽን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ።»

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። በውኔ እርስዎ የምለውን ሰው፣ እግሬን አነባብሬ «ሌላው ሁሉ ቆሞ የለም? እግር ያለህ አንተ ብቻ ነህ?» አልኩት። ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ሲይዘኝ ያለኝ የራሱ ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርኩበት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሱ ግን እንደቆመ አለቀሰ። አለቃቀሱ የእኔን መሰለኝና ደስታዬ ተበላሸ። «እሺ፣ እንካ» ብዬ ሶሌን ከጫማዬ አወጣሁ። ላቀብለው ስል ከእጅጌው ጫፍ የተንጠለጠለ ክር አየሁ።

እኔ ደግሞ ክር አይቼ ማለፍ አልችልም። የታናሽ እህቴ ሠርግ ላይ እንኳ ከሙሽራው ኮት ክር ልቆርጥ ሚዜ አስነስቻለሁ። «ቆይ አንዴ» አልኩትና ቆረጥኩ። ክሩ አላለቀም። ደግሜ ቆረጥኩ። እጅጌው ወደቀ።

«ፋናዬ! አንቺ ፋናዬ!»

ከጎኔ የምትሠራው ደብሪቱ በክርኗ ትጎስመኛለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሜያለሁ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው። ፊቴ ያለው ነጭ ሸሚዝ አንድ እጅጌ የለውም፤ እጅጌው መሬት ወድቋል።

«ቆመሽ ተኛሽ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። አቶ መንክር እየመጣ ነበር።

ቢሮው ወሰደኝ። የስንብቱ ወረቀት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስሜ ብቻ ነበር የቀረው። ስሜን ጻፈበት።

«አቶ መንክር፣ የሐኪሙን ደብዳቤ አይተውት ነበር?» አልኩት።

«የቱን ደብዳቤ?»

ወደ ራሱ ወንበር ጠቆመኝ። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ፣ ወንበሩ እንዳይነቃነቅ ከአንዱ እግሩ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ተደርጎለታል። የሐኪሙ ማኅተም ግማሹ ይታያል።

«ቁጭ በይና ፈርሚ» አለኝ።